ዜሮ የሆነችው ኦ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በእኛ ከተማ በስቶውብሩክ ግን ስም የሚያወጣው የፋብሪካው ሽያጭ ክፍል ነበር፤ መልአክ በዚያ ደጃፍ ማለፉንም እጠራጠራለሁ። የሚሠሩት ኮምፒዩተር ነው። ሌሎቹ ኩባንያዎች አዳራሽ የሚሞላ መሣሪያ ሲሸጡ የእኛዎቹ ፍሪጅ የሚያህል ሠርተው «ሚኒ» አሉት። ዋናው ማሽን አርባ አራት ቁጥር ይባላል። እዚያው አርባ አራት ላይ አንዲት ሽቦ ጨምረው ፍጥነቱን ያስሩትና አርባ ሁለት ብለው አቅም ለሌለው ኮሌጅ በርካሽ ይሸጡታል። ኮሌጁ በዓመቱ ፈጣኑን ሲመኝ አንድ ቴክኒሻን ይላካል። «ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው» ብሎ ሰዉን ከክፍሉ ያስወጣል፣ ሽቦዋን ቆርጦ ይጥላል፣ አርባ አራት የሚል ሰሌዳ ይለጥፋል፣ ከዚያ ግንባሩን እየጠረገ ይወጣል። ሰዉም ያጨበጭብለታል።

ይህን ሁሉ ጉድ ከነዝርዝሩ በጭንቅላቷ የያዘች አንዲት ሴት ነበረች። አውኔ ራውቲዮ ትባላለች። በፈረንጆቹ 1977 ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አባቷም እናቷም ከፊንላንድ በመርከብ የመጡ። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ሲነሳ የከተማው ፊንላንዶች «ለእሷ ማን ይበቃታል?» ይሉ ነበር። ምስጋና አልነበረም።

ወደ ፋብሪካው የገባችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ገና የሱፍ ጨርቅ ይሠራበት በነበረ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተር ሠሪው ኩባንያ ኋላ ሕንፃውን ከያዘ ወዲህ ስሙን ሦስት ጊዜ ቀይሯል፤ የከተማው ሰው ግን ዛሬም «ሱፍ ቤቱ» ነው የሚለው። አውኔ ያኔ ሥራዋ በሰሜን በኩል ባለው መስኮት ሥር ተቀምጦ ከተሸመነው ጨርቅ ላይ ቋጠሮና ጉድፍ በወረንጦ መልቀም ነበር። ጨርቁ በእጇ ሲያልፍ አንድ ነው። ከእጇ ሲወጣ ግን አንዱ ቁራጭ የእንግሊዝ ጌታ ስም ተሰጥቶት ቦስተን ይሄዳል፤ ሌላው የስኮትላንድ ተራራ ስም ይሰጠውና ኒው ዮርክ ይሄዳል፤ የተረፈው ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ለወታደር ካፖርት ይሆናል። አውኔ አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሱፍ ቤቱ ሒሳብ ሹም ሚስት በአዲስ ኮቷ ስትንጎራደድ አይታ፣ «እመቤት፣ ይህ እኮ የወታደር ብርድ ልብስ ነው፤ ቋጠሮውን የለቀምኩት እኔ ነኝ» ብላ አሳቀቀቻት። ንቀትን የተማረችው በዚያ መስኮት ሥር ነው፤ ጎበዝ ተማሪም ነበረች።

ሱፍ ቤቱ ተዘጋ። ሸማኔ መኪኖቹ ተሸጡ። ሕንፃው ባዶውን ቆይቶ ኮምፒዩተር ሠሪዎቹ ሲከራዩት አውኔ ተመልሳ ገባች፤ መጀመሪያ ሽቦ በያጅ፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትእዛዝ መርማሪ። በሐምሌ ሙቀት ወለሉ አሁንም የበግ ይሸት ነበር። ሽያጭ ክፍል የሚሠሩት ባለ ከረባቶች መስኮት ክፈቱልን ይላሉ። አውኔ «በጉ ከእናንተ በፊት ነው የመጣው» ትላቸዋለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ሻጮች ትእዛዛቸውን በእጅ ጽፈው ይልካሉ። ታይፒስቷ ትመታዋለች። የተመታው ረቂቅ ወደ አውኔ ይመጣል፤ አውኔ በቀይ እርሳስ ታርመዋለች። ታይፒስቷ እርማቱን ተከትላ ንጹህ ቅጂ ትመታለች፤ አውኔ ግርጌው ላይ የስሟን ሁለት ፊደሎች ትጽፋለች፤ ከዚያ ወደ ታች ወደ ሠራተኞቹ ይወርዳል። እነዚያ ሁለት ፊደሎች የሌሉበት ወረቀት ይዞ ቢመጣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ራሱ አንዲት ብሎን አይጠብቁለትም ነበር።

ዋናው ነገር የማሽኑ ቁጥር ጭራ ላይ ነው። አርባ አራት ካለ በኋላ ሁለት ምልክት ይከተላል። የመጀመሪያው ማሽኑ በምን እንደሚመጣ ይናገራል፦ ኤ ከሆነ በረጅም ቁም ሳጥን፣ ቢ ከሆነ በአጭር፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ዜሮ ከሆነ ራቁቱን ነው፤ ልባሱም፣ መብራት የሚቀበለው ሳጥንም የለውም፤ በራሳቸው መሣሪያ ሆድ ውስጥ ለሚገጥሙት ፋብሪካዎች የሚላክ የብረት አጽም ነው። ሁለተኛው ምልክት መብራቱን ይናገራል፦ ኤ ለአሜሪካ፣ ቢ ለአውሮፓ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ፈጽሞ የማይነኩ ሁለት ፊደሎች ነበሩ፤ አይና ኦ። አይ አንድ ቁጥርን ይመስላል፣ ኦ ዜሮን ይመስላል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ማን እንደጠበቀው ግን ይታወቃል።

ሻጮቹ በጭራ አያምኑም። የቺካጎው ሻጭ አንድ ቀን ከአውኔ ስልክ ተደወለለት።

«ሚልዋኪ ጀርመን ገባች እንዴ?»

«ምን? ማን ልበል?»

«ሁለተኛው ላይ ቢ ብለሃል። ቢ የአውሮፓ መብራት ነው። እዚሁ አሜሪካ ሚልዋኪ ላለ ቢራ ጠማቂ የአውሮፓ ማሽን ምን ይሠራለታል? ጠርሙስ ይደርድርበት?»

«አይ አውኔ! አንዲት ፊደል ናት እኮ፣ ምን ታካብጃለሽ!»

«አንተም አንድ ሰው ነህ፤ የምታስቸግረው ሰው ብዛት ግን!» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ትክክል ነበረች። ችግሩ እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ትክክል ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ስህተት በስሟ ሥር አልፎ አያውቅም። ይህ ደግሞ ሰውን ደግ አያደርግም።

የታይፒስቷ ጠረጴዛ ከፊቷ ነው። ኢልዳ ፓቼኮ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከፖርቱጋል ደሴቶች የመጡ፣ አባቷ ወገቡ ተሰብሮ ቤት የዋለ፣ እናቷ የሰው ልብስ የምታጥብ፣ የቤቱ ራት በእሷ ጣት የሚገኝ። ታይፕ የተማረችው በሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ አርጅቶ በተጣለ የጽሕፈት መኪና ነው። በዚያ መኪና ላይ ዜሮ የሚባል ቁልፍ አልነበረም፤ ዜሮ ሲፈለግ ትልቁን ኦ ይመቱ ነበር። ጣት የለመደውን አይረሳም። ኢልዳ ሱፍ ቤቱ ገብታ ባለ ሙሉ ቁልፍ መኪና ሲሰጧትም ጣቷ ወደ ኦ ይሄድባት ነበር። አውኔም በቀይ ትሰርዛለች፣ መሐሉን በሰያፍ የቆረጠችው ዜሮ ትጽፋለች፣ ጠርታም ትነግራታለች።

«ኢልዳ፣ ነይ እስኪ። ይሄ ምንድነው?»

«ዜሮ ነው፣ ሚስ ራውቲዮ።»

«ዜሮስ ራስሽ ነሽ። ይሄ ኦ ነው። ዜሮ ቀጠን ይላል፣ ኦ ደግሞ ቦርጫም ነው። ምንድነው ዓይንሽን የጋረደው፣ ኩሉ ነው?»

«ይቅርታ፣ ሚስ ራውቲዮ። አስተካክለዋለሁ።»

«ይቅርታሽን አልመረምርም እኔ፤ ወረቀትሽን ነው።»

ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ይስቃሉ። ኢልዳ እስከ አንገቷ ቀልታ ትመለሳለች። ይህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለአራት ዓመት ነው። በመጨረሻው ዓመት የልጅቷ ጣት ታርሞ ነበር፤ ዜሮን ዜሮ፣ ኦን ኦ ትመታ ነበር። አውኔ ግን አላየችም። አንዴ የናቀችውን ሰው ዳግመኛ አታይም።

በዚያ ዓመት የብርድ ወራት የትእዛዝ ክፍሉ አለቃ ሚስተር ጊልሁሊ በሰኔ ጡረታ እወጣለሁ አለ። ጊልሁሊ ዓይኑን ገልጦ መተኛት የሚችል አየርላንዳዊ ነበር፤ ለዘጠኝ ዓመት ክፍሉን የመራው እንዲያ ነው። በእውነት የምትመራው አውኔ ስለነበረች ምንም አልጎደለም። አሁን ወንበሩ ባዶ ሊሆን ነው።

አውኔ ወንበሩን ፈለገችው። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም አልደበቀችም። ነገሩ የደሞዝ ብቻ አልነበረም። በሱፍ ቤቱ ደጃፍ ግድግዳ ላይ የሰዓት መኪና አለ፤ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ጠዋት ካርዱን ያስመታል፣ ማታ ያስመታል። አለቆች በአጠገቡ እያፏጩ ያልፋሉ። አውኔ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ያስመታችው በዚያው መኪና ነው። ከሱፍ ዘመን ከመጡት ሴቶች ያለ ካርድ ያለፈች አንዲትም አልነበረችም። ቅዳሜ ማታ ከእህቷ ከሄልቪ ጋር ሳውና በሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ተቀምጠው፣ «አንድ ቀን ጠዋት በዚያች መኪና አጠገብ ምንም ሳልነካ ማለፍ ነው የምፈልገው። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ብሞትም ግድ የለኝም» አለች።

«ተይ እንግዲህ፣ ለካርድ አይሞትም» አለች ሄልቪ ድንጋዩ ላይ ውኃ እየደፋች።

በጥር ወር ከሽያጭ ክፍል ዋድሊ የሚባል ሰው መጣ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከረባቱ ሰፊ፣ ፈገግታው ከከረባቱ የሰፋ። ማሽን ከፍቶ አይቶ አያውቅም፤ ቢያይም ከየት ወገን እንደሚያየው አያውቅም። አርባ አራትን ወስዶ ከሁለት ጎኑ የዋልነት እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ አስለጠፈበት፣ ከአንድ ጠረጴዛ ጋር አጋባው፣ «የቢሮ ሞዴል» አለው። በስብሰባውም ላይ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሠራ።

«ኦ!» አለ። «ኦ ለኦፊስ! አርባ አራት ኦ ኤ። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።»

ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚስተር ሆልብሩክ ራሱን ነቀነቀ። ጊልሁሊ ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል። አውኔ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የሰማው አይረሳው ይሆናል፣ ሚስተር ዋድሊ። ያየው ግን ዜሮ ነው የሚለው።»

«ዜሮው ራቁቱን ነው ሚስ ራውቲዮ፣ ኦ ግን ለብሷል። ልዩነቱ ግልጽ ነው።»

«ለእርስዎ ግልጽ ነው፤ እርስዎ አይመቱትም፣ አያነቡትም፣ አይገጥሙትም። ኤስ አለ፣ ቲ አለ፣ ከፊደል ሁሉ መርጠው ይቺን ብቻ አገኙ?»

«ኤስ ለኦፊስ አይሆንማ!» አለ ዋድሊ፣ ሰውም ሳቀ።

አውኔ ወደ ሆልብሩክ ዞረች። «ታይፕ የሚመቱት ልጆች ዛሬም ዜሮን በኦ ይመታሉ፤ ኦን በዜሮ መምታት ምን ያቅታቸዋል? በስድስት ወር ውስጥ ምንጣፍ ላነጠፈ ባለ ቢሮ የብረት አጽም ትልኩለታላችሁ። የምታበላሸውም ከእነዚህ ልጆች አንዷ ናት። ከአሁኑ ጻፉልኝ።»

ሆልብሩክም ጻፈላት፤ በደብተሩ፣ ከነቀኑ። ኦ ግን ጸደቀች። አዲሱ የሞዴል ዝርዝር የመርማሪዋ ፊርማ ስለሚያስፈልገው ለሦስት ቀን አልፈርምም ብላ ያዘችው። በአራተኛው ቀን ጊልሁሊ ጠረጴዛዋ ዳር ተቀመጠ።

«ፈርሚላቸው፣ አውኔ።»

«ስህተት ነው።»

«ስህተት መሆኑን ማን አጣው? ወንበሩ ፊትሽ ነው ያለው። ሆልብሩክ 'ትችላለች፣ ግን አስቸጋሪ ናት' እያለ ነው። በአንዲት ክብ ፊደል ልትጥዪው ነው?»

አውኔ ወረቀቱን ሳበችና ፈረመች። ስትፈርም ከንፈሯን አጣማ ነበር። ከንፈሯን አጣማ በመፈረሟ ራሷን ከጥፋቱ ያነጻች መሰላት፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል።

በግንቦት የመጀመሪያው ትልቅ የቢሮ ሞዴል ትእዛዝ ተላከ። ኦሃዮ ያለ አንድ ኢንሹራንስ ቤት ነው፤ አሥር ማሽን፣ የዋድሊ የራሱ ሽያጭ። ኢንሹራንስ ቤቱ አዲስ ፎቅ ሊያስመርቅ ከንቲባ ጠርቷል፣ ኬክ አስጋግሯል፣ አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፏል። ሣጥኖቹ በእንግዶች ፊት ተከፈቱ። የወጣው አሥር የብረት አጽም ነው፤ ሽቦው የተንጠለጠለ፣ ጎን የሌለው፣ ሶኬት የሌለው፣ ቢሰኩት እንኳ የሚሰካ ነገር የሌለው። የኢንሹራንስ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ በዚያው ሰዓት ደወለ። የስልክ ልጅቷ እንደነገረችን «ሥጋውን በልታችሁ ከንቲባው ፊት አጥንቱን ነው የላካችሁልኝ?» ብሎ ነው የጀመረው፤ የቀረውን እዚህ አልጽፍም።

ወሬው ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ አውኔ ሳቀች። በአሥራ አንድ ዓመት እንደዚያ ስትስቅ አልታየችም። «ብያቸው ነበር!» እያለች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረች። «በጥር ወር ብያቸው ነበር! ጠይቁ፣ ተጽፏል!» በምሳ ሰዓት ሄል ያለበትን የፊንላንዶች ዳቦ ለክፍሉ ሁሉ ቆርሳ አካፈለች። ለኢልዳ ግን አልሰጠቻትም። ኢልዳ የመኪናዋን ቁልፎች እያየች ተቀምጣለች።

ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ተጠራ። አውኔ ረቂቆቹን ሁሉ ለክርክር ብላ ለዓመት የምታስቀምጥበት መሳቢያ አላት፤ ቁልፉ በእሷ እጅ ብቻ ነው። ልጅቷ የመታችውን ረቂቅ ይዤ ልግባ፣ እፊታቸው ላሳያቸው ብላ ከፈተችው። የኦሃዮውን አገኘች።

ኢልዳ ኦ ነበር የመታችው። ቦርጫሙን፣ ትክክለኛውን ኦ፣ በአሥሩም መስመር ላይ። በእያንዳንዱ ኦ ላይ ቀይ መስመር አልፎበታል። በእያንዳንዱ አጠገብ መሐሏን በሰያፍ የተቆረጠች ቀይ ዜሮ ተጽፋለች። ኅዳጉ ላይ፣ በአውኔ የራሷ እጅ ጽሕፈት፣ «ዜሮ! ስንት ጊዜ?» ይላል።

አውኔ ተቀመጠች። ይህን መጻፏን አታስታውስም። ዓይኗ አላነበበም፣ እጇ ብቻ ነው የሠራው፤ የልጅቷ ወረቀት ነው፣ ኦ ነው፣ ስለዚህ ስህተት ነው። ልጅቷም የታዘዘችውን ንጹህ አድርጋ መታች፣ አውኔም ሁለቱን ፊደሎቿን ግርጌው ላይ ጻፈች። ከሰው ስህተት ከብረት ዝገት አይታጣም ይባላል። አውኔ ግን ራሷን እስከዚያች ቀን ከሰው አትቆጥርም ነበር።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልታሳያቸው ይሁን ልትደብቀው፣ በዚያች ደቂቃ እሷም አታውቅም ነበር ማለት እችላለሁ። ለእሷ የማደርግላት ቸርነት ይኸው ነው።

በስብሰባው ላይ ሆልብሩክ፣ ዋድሊ፣ ጊልሁሊ፣ አውኔና ኢልዳ ነበሩ። ዋድሊ የራሱን የእጅ ጽሑፍ አወጣ።

«ይኸው፣ ኦ ብዬ ነው የጻፍኩት። ይኸው ደግሞ ወደ ታች የወረደው ንጹህ ቅጂ፤ ዜሮ ይላል። አሥር ጊዜ! ከዚህ በላይ ምን ይመረመራል?»

«ንጹሁን የመታሽው አንቺ ነሽ?» አለ ሆልብሩክ።

«እኔ ነኝ» አለች ኢልዳ። ድምጿ አይሰማም ነበር።

«ከፍ አድርጊው።»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። በቀን ስንት ነው የምመታው... ሳላስተውል ይሆናል። ኦና ዜሮ ድሮም ይምታቱብኛል። ሚስ ራውቲዮ ስንት ጊዜ እንዳረሙኝ እሳቸው ያውቃሉ።»

ሆልብሩክ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠና የጥሩን ገጽ አገኘ። «ሚስ ራውቲዮ ነግራን ነበር» አለ። «ቃል በቃል ይኸው። 'የምታበላሸውም ከእነዚህ ልጆች አንዷ ናት።' እኔ ሰምቼ አልሰማሁም።»

«ግርጌው ላይ የአውኔ ፊርማም አለ እኮ» አለ ዋድሊ፤ ጥፋቱን ከራሱ በተቻለ መጠን ሊያርቀው ይፈልጋል።

«በአንተ ክብ ፊደል የተነሳ ማን ለይቶ ሊያያት ኖሯል?» አለው ሆልብሩክ። «ከእናንተ ሁሉ አስቀድማ ያየችው እሷ ናት። እንዲያውም ይህ ክፍል ከሰኔ ጀምሮ ማን ሊመራው እንደሚገባ ዛሬ ነው የገባኝ።» ከዚያም ወደ አውኔ ዞረ። «አንቺ የምትጨምሪው አለ?»

አውኔ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነበር። አውራ ጣቷ መዝጊያው ላይ ነው፤ ጠቅ ብታደርገው ይከፈታል። ፊቷ ላይ ምንም አይታይም፤ በሠላሳ ስድስት ዓመት ንቀት የደረቀ ፊት ለእንዲህ ያለው ቀን ይጠቅማል። ጊልሁሊ ለአንዴ ዓይኑ በእውነት ተገልጦ አያት። ኢልዳም አየቻት። የምትጠብቀው የተለመደውን ነበር፤ ዜሮስ ራስሽ ነሽ፣ ኩልሽ ነው፣ ስንት ጊዜ። ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጣ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የነቀዘውን ግን ይሸፍናል።

«የለኝም» አለች አውኔ።

ኢልዳ በዚያው ቀን ተሰናበተች። ዋድሊ በሚቀጥለው ወር ወደ ካሊፎርኒያ ቅርንጫፍ በሹመት ተዛወረ፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሰብረው ነገር ገና አልተፈጠረም። ኦ የምትባለዋ ፊደል ከዝርዝሩ ተሰርዛ የቢሮ ሞዴሉ ዲ ተባለ። ማሽኑ ያው ነው።

ከስብሰባው በኋላ፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሰው ካርዱን ሊያስመታ ወርዶ ፎቁ ጸጥ ብሏል። አውኔ ቦርሳዋን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ጊልሁሊ ሲወርድ ባርኔጣውን አንስቶ «ሹመት ያዳብር» ብሏታል። ኢልዳ ኮቷን ለብሳ፣ የግሏን ኩባያና የእናቷን ፎቶ በወረቀት ከረጢት ይዛ ከጠረጴዛዋ ተነሳች። ወደ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ተመለሰች።

«ሚስ ራውቲዮ።»

አውኔ ዞር አላለችም።

«አንድ ነገር ልነግርዎት ነው። ወደ ስብሰባው ስገባ በጣም ፈርቼ ነበር። እነሱን አይደለም፤ እርስዎን ነበር የፈራሁት። እነሱ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ቢናገሩ... አራት ዓመት ሙሉ ያረሙኝን ሁሉ እዚያ ቢዘረዝሩት ኖሮ፣ ሌላ ቦታ እንኳ የሚቀጥረኝ አላገኝም ነበር።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ሲጠይቁዎት 'የለኝም' አሉ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩብኝም። ለእናቴም እነግራታለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አውኔ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘች። ከአፏ የወጣው የሥራ ቃል ነበር።

«የጽሕፈት መኪናውን ሸፍነሽ ሂጂ። አቧራ ይገባበታል።»

«ሸፍኜዋለሁ፣ ሚስ ራውቲዮ» አለች ኢልዳ፤ ደኅና ይደሩም ብላት ወረደች።